ሐረጎ ላይ ያልሰማሁት ቤዝ

ደሴ ውስጥ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የቅዳሜ ከሰዓት የሙዚቃ ዝግጅት አለኝ። አዲስ የወጡ ሥራዎችን አሰማለሁ፣ ስለ እነሱም የተሰማኝን እናገራለሁ። ሥራዬን በጣም እወደዋለሁ። ወጣቶች ተበድረው ስቱዲዮ ገብተው፣ ዓመት ሙሉ የለፉበትን ነገር አምነው ይልኩልናል። ይህ አደራ ነው። ያን አደራ አንድ ቅዳሜ በላሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ አዲስ የሮክ ባንድ ብቅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም። አልበሙ ሳይወጣ ወሬው ደሴ ገብቷል። ቲክቶክ ሲከፈት እነሱ፣ ፒያሳ ቡና ሲጠጣ እነሱ። «እንዲህ ያለ ባንድ በኢትዮጵያ ታይቶ አይታወቅም» ይባላል። ይህች አባባል ከነከነችኝ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን «ኤርታሌ» የተባለ አልበም ይዞ ሲመጣ፣ አራት ድምፃውያንና ከባድ ጊታር ይዞ አልነበር እንዴ? የነበረውን እንዳልነበረ አድርጎ ማሞገስ አልወድም። ዛሬም አልወድም።

አልበሙ ዓርብ ማታ ሲወጣ ኮምቦልቻ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን ከፈትኩት። ኢርፎኔን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ መስማት ጀመርኩ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ዳገት ነው። ሐረጎ ላይ ሞተሩ ያቃስታል። ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዘጠኙ ዘፈኖች አራቱን ሰማሁ፤ አራተኛውንም አልጨረስኩትም። ደሴ መናኸሪያ ስወርድ ፍርዴ ተጠናቆ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ማይክ ፊት ተቀመጥኩ። «ይህ ባንድ ከታች ባዶ ነው» አልኩ። «ቤዝ የለውም። ከበሮው ቆርቆሮ ነው። ጊታሩ ብቻውን ይጮኻል። የእኛ የሆነ ነገርም የለበትም።» ከዚያ ወደ ሆይ ሆይታው ገባሁ። የአሜሪካዊውን የሮክ ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ታሪክ አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጆን ላንዳው የተባለ አሜሪካዊ ሃያሲ የሮክን የወደፊት ዕጣ እንዳየና ስሙም ብሩስ ስፕሪንግስቲን እንደሆነ ጻፈ። የሙዚቃ ኩባንያው ቃሉን አንሥቶ ማስታወቂያ አደረገው። በ1975 ታይምና ኒውስዊክ መጽሔቶች በአንድ ሳምንት የሽፋን ፎቶ አደረጉት። በዚያው ዓመት ለንደን ሲደርስ ግን ጫጫታው አስመርሮት፣ በሚጫወትበት አዳራሽ የተለጠፉትን የራሱን ፖስተሮች ቀዳደደ።

ታሪኩ እውነት ነው። እኔ ግን መሸሸጊያ አደረግኩት። ስለ ሆይ ሆይታው ሩብ ሰዓት አወራሁ፤ ስለ ዘፈኖቹ የነበረኝ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ስልኮች ተደወሉ። «እውነቱን ተናገርክልን» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ጣቢያችን ውስጥ በዕድሜ ትልቁ የድምፅ ቴክኒሻናችን ናቸው። በደርግ ጊዜ ኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ዝግጅቱ ሲያልቅ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ።

«በምን ሰማኸው?»

«በስልክ፣ ጋሼ።»

«በኢርፎን?»

«አይ፣ እንዲሁ።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ወንበር ሳቡልኝ። ሦስተኛውን ዘፈን ከፈቱና በስቱዲዮው ትልልቅ ስፒከሮች ለቀቁት።

መጀመሪያ የሰማሁት በደረቴ ነው። ቤዙ ከመነሻው ነበረ። ያውም ዝም ብሎ ጊታሩን የሚከተል ቤዝ አልነበረም፤ ዘፈኑን የሚመራው እሱ ነው። ሐረጎ ላይ ይህን ሁሉ አልሰማሁም። መስማትም አልችልም ነበር። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አይችልም። የእግር ከበሮውም እንደዚያው ነው። ጉልበቱ ይቀርና «ጧ» የሚለው ጫፉ ብቻ ይሰማል። ቆርቆሮ ነው ያልኩት ስልኬን ነበር።

«አሁን ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ስማው» አሉኝ።

ከጥግ የቆመችውን አሮጌ ጊታር አነሡ። የቤዙን መንገድ በቀስታ እየተከተሉ መቱት። ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ። ሦስተኛው ላይ ገባኝና ፊቴ ጋለ።

«ባቲ ነው» አልኩ።

«ባቲ ማይነር» አሉ። «ኮምቦልቻ አድረህ መጥተህ ባቲ አመለጠህ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ በጣም ያስደስተኛል። የሮክ ጊታሪስቶች ከብሉዝ የወረሱት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ስኬል አለ። አምስት ድምፅ ነው። ከሲ ብንነሣ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ይሆናል። እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። የትኛው ድምፅ ላይ ይቆያል? የትኛውን ነክቶ ያልፋል? ሲያርፍ የት ያርፋል? የዚህ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የሚያርፈው የእኛ ሰው በሚያርፍበት ቦታ ነበር። ላዩ ሮክ ነው፤ ታቹ ወሎ ነው። እኔ ደግሞ ለወሎ ሰው፣ ከወሎ ሆኜ፣ «የእኛ የሆነ ነገር የለበትም» ብዬ ነበር።

ቴክኒሻኑ ጊታሯን አስቀመጡ። «እኛንም ጊዜው ላይ ‹በኤሌክትሪክ ጊታር ባህል አጠፋችሁ› ይሉን ነበር» አሉ። «ሰዎቹ ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው ሰምተውን ነው።»

ይህ ከስድብ በላይ አመመኝ። ገብቷቸው መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና «አብሽር፣ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም» አሉ።

ሳምንቱን በሙሉ አልበሙን ሰማሁት። በስቱዲዮ ስፒከር፣ በኢርፎን፣ አንዳንዴም ማታ መብራት አጥፍቼ። ያልወደድኩት ነገር አልጠፋም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች ያለ ምክንያት ይረዝማሉ። ድምፃዊው ለሐዘንም ለደስታም በአንድ ዓይነት ጩኸት ይዘፍናል። ግጥሙ የተቸኮለበት ቦታ አለ። እነዚህን ጻፍኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ወደ ባዶ ሙገሳ መገልበጥ አልፈለግኩም፤ እሱም ሌላ አደራ መብላት ነው።

አለቃዬ ነገሩን ስነግረው አልወደደውም። «ተሳሳትኩ ካልክ ነገ ማን ያምንሃል?» አለኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ «በራስህ ኃላፊነት» ብሎ ለቀቀኝ።

ቅዳሜ ዝግጅቱን ስከፍት መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው፦ «ባለፈው ሳምንት የፈረድኩት አልበሙን ሳልጨርስ፣ በስልክ ስፒከር፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰምቼ ነው። ባንዱንም እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሦስተኛውን ዘፈን ሳላቋርጥ አሰማሁ።

አንድ ችግር ግን ነበር። ብዙ አድማጮቻችን የሚሰሙን በስልክ ወይም በትንሽ ራዲዮ ነው። ለእኔ ያልተሰማኝ ለእነሱም አይሰማም። ይህን አስቀድመው ያሰቡት ቴክኒሻኑ ናቸው። አሮጌዋን ጊታር ይዘው ማይኩ ፊት ተቀመጡ። የቤዙን መንገድ ትንሽ ስፒከርም እንዲያወጣው ከፍ ባለ ድምፅ መቱት። ከፊሉን ብቻ እንደመቱ ስልኩ ጮኸ። ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላቸው አባት ናቸው። «ይሄማ ባቲ ነው እኮ!» አሉ። ሱቃቸው ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማል።

ቀጥላ አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለች። «ባለፈው ሳምንት አንተን ሰምቼ ከስልኬ አጥፍቼው ነበር» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እኚያ ጊታር የመቱት አባት አንዴ ይድገሙልን» አለች።

ቴክኒሻኑን አየኋቸው። ጊታሯን ገና ከጭናቸው አላወረዷትም ነበር።