ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው?

ሱሉልታ ባለችው ጋራዣችን፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ ዘይት በጠጣ ጨርቅ የተጠቀለለ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ፤ ባጭሩ ካም) አለ። ደንበኛ ሲያየው ደስ አይለኝም። የጋራዡ ሰዎች ሲያዩት ደግሞ ይባስ።

ነገሩ የመጣው በአንድ ደንበኛ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። ልጁ ከአባቱ የወረሳት መኪና ናት፤ 4ኬ ሞተር፣ 1,290 ሲሲ፣ ካርቡራተር። «እንድትበር አድርግልኝ» አለኝ። እስከዚያ ቀን የከፈትኳቸው ሞተሮች ሁሉ ወይ ዘይት የበሉ ወይ በሙቀት የተቃጠሉ ነበሩ። ጤነኛ ሞተር ለማሻሻል ብሎ መክፈት የመጀመሪያዬ ነው። እጄን በላኝ።

ካታሎጉ ላይ ለዚህ ሞተር የሚሆኑ ሦስት ካሞች ነበሩ። 264፣ 288 እና 304። ቁጥሩ ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ በክራንክሻፍት፣ በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ዲግሪ የሚናገር ነው። እኔ ግን እንደ ማትሪክ ውጤት ነው ያነበብኩት። 304 ያመጣ እያለ 264ን ማን ያያል? ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «ከ4,500 ዙር በላይ» ይላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ሞተሩ በደቂቃ ከዚያ በላይ ሲዞር ነው ማለት ነው። አይቼዋለሁ። እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ተስፋ ነው ያየሁት። ካታሎጉን አብሮኝ ያገላበጠ፣ «ከያዝክ አይቀር ትልቁን ያዝ» ያለኝ ባልደረባም ነበረኝ። በኋላ ልጁ ተናዶ ሲመጣ ይኸው ባልደረባዬ ምሳ ወጥቶ ነበር። ምሳው ሦስት ቀን ፈጀ።

የጋራዣችን ሽማግሌ፣ ጋሼ፣ ሻያቸውን ይዘው መጡ። ካታሎጉን ከሩቅ አዩት፤ መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም።

«ልጁ ሥራው የት ነው?»

«መርካቶ።»

«ማታ ማታ ይመለሳል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከአዲሱ ገበያ ወዲህ ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው?»

ጨዋታ የቀየሩ መሰለኝ። ስለ ካም እያወራን ስለ ማርሽ ይጠይቁኛል። «እኔ እንጃ ጋሼ፣ እሱን እሱ ይወቅ» አልኩ። «ይሁና» አሉና ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ካሙ በዱባይ በኩል መጣ። ሥራውን፣ ሳልኩራራ ልናገርና፣ እንከን አልባ አድርጌ ነው የሠራሁት። ጠንከር ያለ የቫልቭ ሞላ አስገባሁ። የልጆች መጫወቻ ጭቃ ፒስተኑ አናት ላይ ለጥፌ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሬ፣ ቫልቩ የተወውን ምልክት በምላጭ ቆርጬ ለካሁ። ይበቃል፤ አይጋጭም። ታፔቶቹ፣ በካሙ ጉብታ እየተገፉ ቫልቩን የሚያስከፍቱት፣ አዲስ ናቸው። መጀመሪያ ሲነሳም ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ አልተውኩትም። አዲሱ ካምና አዲሶቹ ታፔቶች እንዲላመዱ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከ2,000 ዙር በላይ ያዝኩት።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም ነበር። የፋብሪካውን ካም ሳወጣ ስምንቱን አሮጌ ታፔቶች ጋሼ ከእጄ ተቀበሉኝ። እንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸውና በእስክሪፕቶ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉባቸው። ካሙንም ግሪስ ቀብተው በጋዜጣ ጠቀለሉት።

«ጋሼ፣ የሚጣል እኮ ነው» አልኳቸው።

«እንቁላል አይጣልም» አሉኝ።

ሙከራው ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። ዙሩ 4,500 እስኪያልፍ ምንም የለም። ካለፈ በኋላ ግን መኪናዋ ሌላ ሆነች። ልጁ መሪው ላይ ሆኖ እንደ ሕፃን ሳቀ። ስንመለስ ሚኒሞ ላይ ዱክ... ዱክ... እያለች ትንቀጠቀጣለች፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከደስታ።

በማግስቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ዳገቱ ላይ ነው። ከፊቱ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ፣ ከኋላው ክላክስ። በሁለተኛ ማርሽ ዙሩ 2,000 እንኳ አይሞላም፤ ነዳጅ ሲሰጣት ታንቃ ትጠፋለች። በአንደኛ ደግሞ እያጓራች እንደ ኤሊ። ፍሪሲዮኑ ሸትቷል። ቆም ሲል ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠጥርበታል፤ የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው፣ ሚኒሞ ላይ በሚንቀጠቀጥ ሞተር ደግሞ ያ ስበት ይደክማል።

ምክንያቱ ሲያስቡት ቀላል ነው። በረጅም ካም የማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል። ሞተሩ ሲፈጥን አየሩ በራሱ ግፊት መግባቱን ስለሚቀጥል ማርፈዱ ይጠቅማል። ሞተሩ ሲያዘግም ግን ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን የገባውን መልሶ ወደ ካርቡራተሩ ይተፋዋል። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት መጠን፣ ይሞታል። እኔ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ሳላስነካ በፋብሪካው ኮምፕሬሽን ነው የተውኩት። በዚያ ላይ እኛ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር የአየሩ ግፊት ሩብ ያህሉ የለም። ሲጀመርም ጠኔ ለያዘው ሞተር የቀመሳትን የሚያስተፋ ካም ገጠምኩለት።

እናም አወጣሁት። የፋብሪካው ካም ይመለስ ሲባል ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ገቡና ካርቶኑን ይዘው ወጡ። ስምንቱም በተራ ተቀምጠዋል።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። አሮጌ ታፔት ከራሱ የካም ጉብታ ጋር አብሮ ነው የሚበላው፤ ሲመለስ ቦታው ከተቀያየረ ካሙን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቁጥር የሚጻፍበት ሊመለስ ለታሰበ ታፔት ብቻ ነው። ሰውዬው የሚሆነውን ገና ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት? ለባለቤቴ ይህን ስነግራት «ጠይቀውህ የለም እንዴ?» አለችኝ። በሷም ተናደድኩ።

ልጁ ሞላዎቹንና ካሙን ከፍሎባቸዋል። የሁለተኛውን ጊዜ ሥራ በነፃ ሠራሁለት። ካሙን ግን «ድምፁ ይናፍቀኛል፣ አንተው ጋ ይቀመጥ» ብሎኝ ሄደ።

አሁን እንደሱ የሚጠይቀኝ ሲመጣ አስተማሪ ሆኛለሁ። መንገድህን ንገረኝ፣ ማርሽህን ንገረኝ፣ ስንት ዙር ላይ ነው የምትውለው እላለሁ። ከ264 አትለፍ ብዬ እመክራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡ ጭር ሲል 304ን አውጥቼ ዘይት ቀባሁት። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ትንሽ ቢላጭስ? ኮምፕሬሽኑ ከፍ ይላል፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ አያንኳኳም። የኋላው ዲፈረንስ ጥርስም አጠር ቢል... ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ።

ቀና ስል ጋሼ ሻያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ዳገቱን ደለደሉት እንዴ?» አሉኝ።