ብርዱን አምኜ የተሸወድኩበት እጥበት

ጥር ላይ ጓደኛዬ ሲያገባ መኪናዬን ለአጃቢነት ጠየቀኝ። ጥቁር ቪትዝ ናት። ላቫጆው በሰርግ መኪና ተጨናንቆ ስለነበር፣ "ምን አለበት፣ ራሴው አጥባታለሁ" አልኩ። ዋክስም (ቀለሙን የሚያንጸባርቅ ሰም) ገዛሁ። እሷን አሳምሬ ሰው ላስደንቅ!

ቅዳሜ 6 ሰዓት ገደማ ጀመርኩ። የአዲስ አበባን ጥር ታውቁታላችሁ፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ንፋሱ ያንቀጠቅጣል። ሹራቤን እንኳ አላወለቅኩም። እኔ ስለበረደኝ ቆርቆሮውም የበረደው መስሎኝ ነበር። ለካ ጥቁር ቀለም ለአየሩ ቅዝቃዜ ግድ የለውም።

መኪናዋን በሙሉ በአንዴ አረፋ አለበስኳት። የኋላ በር ጋ ስደርስ ጣሪያው ላይ ያለው አረፋ ደርቆ ካርታ ሠርቷል። ውሃ ደፋሁበት። እሱም ጨርቅ እስካመጣ ተነነ። የግቢያችን ውሃ የጉድጓድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ዓይነት። ውሃው ሲተን ካልሲየምና ማግኒዚየሙ እዚያው ይቀራል። በነጭ መኪና ብዙም አይታይም፤ በጥቁር ግን ጉድ ነው።

በዚህ ላይ ዋክሱን ቀባሁ። በስሱ ይቀባል፣ ደብዘዝ ሲል በጨርቅ ይወለወላል። የጋለ ኮፈን ላይ ግን ማሟሟቻው ወዲያው በኖ ሰሙ ብቻውን ተጣበቀ። ባሸው ባሸው ንቅንቅ የለም። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። በአጥሩ በኩል አይተውኝ፣ "አንተ ልጅ፣ መኪና እያጠብክ ነው እንጀራ እየጋገርክ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ?"

"የእጅህን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ካቃጠለህ ተወው፣ ማታ ትመለስበታለህ።"

አመሻሽ ላይ ተመለስኩ። በደረቀው ዋክስ ላይ አዲስ በስሱ ቀብቼ ሳይደርቅ ወዲያው ጠረግኩት፤ አዲሱ አሮጌውን አለስልሶ ይዞት ወጣ። የውሃውን ነጠብጣብ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅዬ አብሼ፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቅኩት። ከዚያ እንደገና ዋክስ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በስልክ መብራት! ጣሪያው ላይ ሦስት ነጠብጣቦች እስከ ዛሬ አሉ፤ የሰርጉ ፎቶ ላይ ግን አይታዩም።

አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የማጥበው። ከመንገድ እንደገባሁ ደግሞ ኮፈኑን አልነካም፤ ሞተሩም ያግለዋልና። አንዱን ክፍል አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ አድርቄ ነው ወደ ሌላው የምሄደው። ዋክስ ደግሞ በአንዴ የኮፈኑን ግማሽ ብቻ።

ጥላ መፈለግም የራሱ ጣጣ አለው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቤቱ በስተሰሜን ቀትር ላይም ጥላ አይጠፋም። ሚያዝያ ላይ ግን አናት ላይ ስለምትቆም የቤቱ ጥላ እግሩ ስር ይገባል። ዛፍ ስርማ ሞክሬያለሁ፤ ወለወልኩ፣ ወፎቹ አመሰገኑኝ፣ ደግሜ አጠብኩ።

ላቫጆ ስሄድም ቆርቆሮ ጣሪያው ስር ካልሆነ ብዬ ወረፋ እጠብቃለሁ። እሷ ጥላ ውስጥ ትታጠባለች፣ እኔ ውጭ ፀሐይ እሞቃለሁ።