የምጣዱ ሶኬትና የወንድሜ ትኬት

ዛሬ የምጣዱን ሶኬት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑን ጽፌ ላስቀምጠው ፈለግሁ፤ አምና ይህን ጊዜ በአንድ ሌሊት ከ20 ጊዜ በላይ ከአልጋዬ እየተነሣሁ ወደ ማዕድ ቤት እመላለስ ነበርና። ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ መጋደሙን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄም ዳስሼ ተመልሼ ብርድ ልብሱን ስከናነብ፣ «ሳልነቅለው ቀርቼ ቤቱ ቢቃጠልስ? እናቴስ?» የሚል ሐሳብ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። አንድ ሰሞን መላ ያገኘሁ መስሎኝ በስልኬ ፎቶ ማንሣት ጀመርሁ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ፎቶው የዛሬ ይሁን የትናንት መጠራጠር ያዝሁ፤ የተነሣበት ሰዓት ተጽፎ እያየሁት እንኳ የስልኩን ሰዓት አላመንሁትም።

እናቴ «ዓይነ ጥላ ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ፤ እዚያ በነበርሁበት ጊዜ ልቤ ማረፉን አልክድም። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኦሲዲ (OCD) የሚባል፣ በሚያስጨንቅ ሐሳብ የተነሣ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም መሆኑን የነገረችኝ በጤና ጣቢያ ያገኘኋት የሥነ አእምሮ ነርስ ናት። «እኅቴ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይወስድብሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። በቀን ከ1 ሰዓት በላይ የሚወስድና ኑሮን የሚያውክ ከሆነ ሐኪሞች ከተራ ልማድ ለይተው እንደሚያዩት፣ ብዙዎችንም በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንደሚጀምራቸው አስረዳችኝ። እኔ 23 ዓመቴ ነው።

ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤተሰቡ እኔን ጥንቁቅ፣ እርሱን ግድ የለሽ እያለ ሁለታችንን እንደ ሰማይና ምድር ሲያራርቀን ኖሯል። እርሱ ደመወዙን በተቀበለ ማግሥት የኳስ ውርርድ ትኬት ይቆርጣል፤ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል፤ ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ብር ሳይቀር አጥፍቷል። ሐኪሞች የእርሱን ዓይነት ግብታዊነት፣ የእኔን ዓይነት ደግሞ አስገዳጅ ድርጊት ይሉታል፤ እርሱን የሚያስነሣው አገኘዋለሁ የሚለው ነገር ነው፣ እኔን የሚያስነሣኝ ይደርስብኛል የምለው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ቁማርን ከሱሶች ጋር መድቦታል፤ የእኔን ሕመም ደግሞ ከጭንቀት ሕመሞች አውጥቶ የራሱን ምዕራፍ ሰጥቶታል። በእኛ ቤት ግን ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ያድራሉ።

አንድ እሑድ ማታ ወንድሜ «አሁንማ ቢበላልኝም ደስ አይለኝም፤ ካልቆረጥሁ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። ደነገጥሁ፤ የምጣዱን ሶኬት ለማየት ስነሣ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። በደስታ ፍለጋ የተጀመረው ነገር ጭንቀትን ማስታገሻ ሆኖበታል፤ እኛ ግን ለእኔ ጠበል ስንፈልግ ለእርሱ የሰጠነው ስድብ ነበር። እኔም «ባለጌ» ብዬዋለሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእኔ ሕክምና ለመስማት ቀላል፣ ለማድረግ ግን ከባድ ነው፦ ሶኬቱን አንድ ጊዜ ነቅሎ፣ ጥርጣሬው ሲመጣ ከአልጋ ሳይነሡ መቆየት። የመጀመሪያውን ሌሊት ላብ አጥምቆኝ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ቆየሁ፤ ጭንቀቱ እየበረታ እየበረታ ሄዶ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ በረደ። ሐኪም ያዘዘልኝ መድኃኒትም አለ፤ ለውጡ የታየኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ወንድሜ ትናንት «ለነርሷ ምን ብዬ ልጀምር?» ሲል ጠየቀኝ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት እንዲነግራት መከርሁት። ይህን ስጽፍ የስልኩ ብርሃን በበሩ ሥር ይታየኛል። ሐሙስ አብረን እንሄዳለን።