ከውሻ ጋር አንድ ቀን በሸርሊንግተን፦ መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ ፓርኩ፣ መጨረሻ በረንዳው

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከውሻ ጋር ቀኑን ለማሳለፍ የምንመርጠው ሸርሊንግተንን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የአርሊንግተን ካውንቲ ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ 395 አውራ ጎዳና ዳር ያለ ሰፈር ነው፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው ከኮሎምቢያ ፓይክና ከአሌክሳንድሪያም ቅርብ ነው። የውሻ ፓርኩ፣ ፎር ማይል ረን የሚባለው ወንዝ፣ ረጅሙ የእግር መንገድና ከቤት ውጭ የሚያስተናግዱት ምግብ ቤቶች ሁሉም በእግር ይደረስባቸዋል። ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን ቅደም ተከተሉ ነው።

ብዙ ሰው ከመኪና እንደወረደ ውሻውን በቀጥታ ወደ ፓርኩ ይዞ ይገባል። ቤት ውስጥ ያደረ ውሻ ግን ጉልበቱ እንደሞላ ነው። በሩ ላይ ሊያሸቱት በተሰበሰቡት ውሾች መሃል እየዘለለ ይገባል፤ ጠብም ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚያው በር ላይ ነው። ስለዚህ እኛ መጀመሪያ ወደ ደብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድ እንወጣለን። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ባቡሩ በ1968 ሥራ ካቆመ በኋላ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከሸርሊንግተን ተነስቶ በምዕራብ በኩል እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ወይም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ለጠዋቱ የሚያስፈልገው ከዚያ ውስጥ ትንሹ ነው፦ ወደ ባርክሮፍት ፓርክ አቅጣጫ ሃያ ደቂቃ ሄዶ መመለስ። እዚህ ላይ ውሻውን አታጣድፉት። እያንዳንዱን ግንድና ምሰሶ ያሽት፤ ለእሱ ማሽተት ሥራ ነው፣ ሐሳቡንም ያረጋጋለታል።

ገመዱ ባለ ስድስት ጫማ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ገደማ ይሁን፤ የማይሳብ፣ ርዝመቱ የማይለዋወጥ። እየተተረተረ የሚረዝመው ዓይነት እዚህ መንገድ ላይ አደገኛ ነው፦ ውሻው ወደ ግራ ሲሻገር ቀጭኑ ገመድ መንገዱን አቋርጦ ይወጠራል፣ በፍጥነት የሚመጣ ብስክሌተኛ ደግሞ አያየውም። እናንተ በቀኝ ዳር ሂዱ፣ ውሻውን ደግሞ በሣሩ በኩል ያዙት። ከኋላ «ኦን ዩር ሌፍት» (በግራችሁ እያለፍኩ ነው) የሚል ድምፅ ሲሰማ ዞሮ ከማየት በፊት ገመዱን ማሳጠር ይቀድማል። የአንገት ማሰሪያ ብቻ ከሆነ የሚጎትት ውሻ ጉሮሮው ይታነቃል፤ ገመዱ ደረቱ ላይ ከፊት የሚያያዝበት ማሰሪያ ይሻላል።

በዚህ አካባቢ የእኛው ሰዎችም በብዛት በእግር ይንሸራሸራሉ፤ በተለይ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናቶች ውሻ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ውሻ ከደጅ የማያልፍበት አገር ላደገ ሰው ድንጋጤው ተገቢ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ውሻውን ማስቀመጥና «አይዞዎት እማማ፣ ይዤዋለሁ» ማለት ይበቃል። «አይነክስም» ማለት ግን ማንንም አያረጋጋም።

የውሻ ፓርኩ በወንዙ ዳር ተዘርግቶ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ለትናንሽ ውሾች የተለየ ክፍል አለው። መግቢያው ድርብ በር ነው። የውጭውን ዘግታችሁ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ገመዱን ፈትታችሁ፣ ከዚያ የውስጡን ክፈቱ። ገመዱ እንደታሰረ ማስገባት ስህተት ነው፦ የታሰረ ውሻ ልቅ ውሾች ሲከቡት መሸሽ እንደማይችል ያውቃልና ማጉረምረም ይጀምራል። ባለ ጥርስ ብረት ማሰሪያም አውልቁ፤ ሲላፉ የሌላው ውሻ ጥርስ ይያዝበታል። ምግብና ውሻው የሚወደው መጫወቻ መኪናው ውስጥ ይቅሩ፣ ውሾች የሚጣሉት በእነዚህ ነው። በሩ ላይ ውሾች ከተከማቹ እስኪበተኑ መጠበቅ፤ ገብታችሁም አንድ ቦታ ከመቆም መራመድ ይሻላል፣ ውሻው ይከተላችኋልና ግርግሩ ይበተናል።

ሲጫወቱ ምን እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊት እግሩን ዘርግቶ ቂጡን ያነሳ ውሻ ጨዋታ እየጠየቀ ነው። አሳዳጁና ተሳዳጁ ቦታ ከተለዋወጡ ጥሩ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ከሥር ከሆነ፣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከከተተ ወይም ሰውነቱ ደርቆ ዓይኑ ከተተከለ ግን ሳይጮኹ ጠርቶ ማውጣት ነው። ግማሽ ሰዓት ለአብዛኛው ውሻ ይበቃል፤ ሲደክሙ ይነጫነጫሉ። አራት ወር ያልሞላው ወይም ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አይግባ። በቨርጂኒያ ሕግ ውሻ አራት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት።

ውሾቹ ወንዙ ውስጥ ገብተው መንቦጫረቅ ይወዳሉ። ፎር ማይል ረን ግን የከተማ ውኃ ነው፤ ዝናብ ሲጥል የጎዳናውን እጣቢ ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ከዝናብ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ባይገቡ ይመረጣል፣ በማንኛውም ቀን ደግሞ አይጠጡት። ለዚህ ነው ውኃ ከቤት የሚያዝለት፦ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ለግማሽ ቀን አንድ ሊትር፣ በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ጥቂት።

በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ካልሆነ አንወጣም። አስፋልቱን በመዳፋችሁ ጀርባ ሰባት ሰከንድ ንኩት፤ ካልቻላችሁ የውሻው መዳፍም አይችልም። ፊታቸው ጥፍጥፍ የሆነ እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉት ከሌሎቹ ቀድመው ይጎዳሉ። ከወትሮው በላይ ማለክለክ፣ የሚዝረበረብ ወፍራም ለሃጭ፣ የቀላ ድድና መንገዳገድ ሙቀቱ እንደመታው ያሳያሉ። ወደ ጥላ ወስዶ ገላውን ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ ወዲያውም ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። መኪና ውስጥ ትቶ «ቡና ገዝቼ ልምጣ» ማለት በጭራሽ አይሆንም፦ ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን መኪናው ውስጥ በአሥር ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ይደርሳል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙ አይለውጠውም።

ምግብ ቤቶቹ ከወንዙ ማዶ ካምቤል ጎዳና ላይ ናቸው። በረንዳው ላይ ውሻ የሚፈቀደው በባለቤቱ ፈቃድ ስለሆነ ሳይቀመጡ መጠየቅ ነው። እስከዚህ ሰዓት የሄደና የተጫወተ ውሻ ውኃውን ጠጥቶ ጠረጴዛ ሥር ይጋደማል፤ በረንዳውን ለመጨረሻ ያቆየነውም ለዚህ ነው። ገመዱን ቀላል ጠረጴዛ ላይ አትሰሩት፤ ሽኮኮ ሲያይ ከነብርጭቆው ይዞት ይሮጣል። እግራችሁ ሥር ይረገጥ። ከመቀመጥ በፊት መሬቱን ተመልከቱ፣ የወደቀ የዶሮ አጥንት አይጠፋምና፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ከቤት ምሳ ቋጥሮ ሣር ላይ ለሚቀመጥ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ወጣችን ለውሻ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም ቢደቅም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ በርበሬያችን ውስጥም ነጭ ሽንኩርት አለ። በወጥ የራሰ እንጀራ መጣልም ያው ነው። ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ ሰው ልብ አይለውም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻው ይዝላል። ወይንና ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካም መርዝ ነው። ለእሱ ጨውና ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ለይቶ መያዝ ይበቃል።

ጊዜ ከተረፈ በመኪና ግራቭሊ ፖይንት ይደረሳል። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በስተሰሜን፣ ፖቶማክ ዳር ያለ ሰፊ ሣር ነው። መግቢያው ከጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ሰሜን ከሚሄደው በኩል ብቻ ነው፤ በተቃራኒው የመጣ አልፎት ይሄዳል። አውሮፕላኖቹ ከአናት በላይ ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ ርችትና ነጎድጓድ ለሚፈራ ውሻ አይሆንም። ገመድ መፍታትም አይፈቀድም። በሜትሮ ባቡር መጓዝ የሚችለው በተዘጋ መያዣ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ውሻ ብቻ ነው። ደግሞ በፌርፋክስ የሚገኘው የሃንትሊ ሜዶስ ፓርክ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ውሻ አይፈቀድም፤ ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ይመለሳል።

ማታ ቤት ሲገባ መዥገር ይፈለጋል። በጣቶቹ መሃል፣ ጆሮው ውስጥና ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱን፣ ጉያውን፣ የአንገት ማሰሪያው ሥር በጣት ጫፍ እየዳበሱ ነው፤ ያልጠገበ መዥገር የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ላይ ተጠግቶ ጭንቅላቷ አካባቢ ይዞ፣ ሳያዞሩ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ቅቤ መቀባት፣ ናፍጣ ማንጠብጠብ ወይም በክብሪት መለብለብ አይረዳም፤ ስትታወክ ምራቋን ወደ ቁስሉ ትተፋለች። መዥገር የምታስተላልፈው የላይም በሽታ ብዙውን ጊዜ ለመተላለፍ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ መጣበቅ ስለሚፈልግ በዚያው ምሽት መንቀል ብዙ ያድናል። ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ ቀኑን መዝግቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት ውሻው ካነከሰ ወይም ካተኮሰው ለሐኪሙ ያንን ቀን ንገሩት።