ጆሮዋ አይነካም

ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ልጅ፣ ካርዱ ላይ «የአፍንጫ ጫፍ ማቅጠን» ብሎ ጽፎ ተራ ሊያስይዝላት ነበር። ሐሙስ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ተመላላሽ ክፍሉ እስከ ኮሪደሩ ሞልቷል። ልጅቱ 26 ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር በሌሊት ተነሥተው ከፍኖተ ሰላም መጥተዋል። አፍንጫዋን የተሠራችው ለሥራ በሄደችበት አገር፣ ከ8 ወር በፊት ነው። ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተሰፋ የሚናገር አንድ ወረቀት የላትም። ያላት ስልክ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለውም በክንዷ ርቀት የተነሣችው ሴልፊ ብቻ።

«ጫፉ ድቡልቡል ብሎ ቀረ። ቀንሱልኝ» አለች።

ልጁም ሊቀንስላት ተስማማ። እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ሌላ ቦታዋን ትነካላችሁ?»

«አይ እማማ፣ መጨመር ቢያስፈልግ እንኳ ከራሱ ከአፍንጫዋ ውስጥ ነው የምናወጣው። ጆሮዋ አይነካም።»

ጆሮን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም አላነሣም ነበር።

አለቃው ሲኒየር ሐኪም ገባ፣ ካርዱን አየ፣ «ማቅጠን» የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ሰረዛት። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከልጅቱ ፊት ተቀመጠ።

የአፍንጫ ጫፍ በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ማለት ነው። ሁለቱ ጉልቻዎች የግራና የቀኝ ክንፍ ካርትሌጆች፣ ማለትም ለአፍንጫና ለጆሮ ቅርጽ የሚሰጡት ተጣጣፊ ለስላሳ አጥንቶች ናቸው፤ ሦስተኛው በሁለቱ ቀዳዳዎች መሐል ተጣብቀው የቆሙት የእነዚሁ ካርትሌጆች እግሮች። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ አፍንጫ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ጉልቻው ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጫፉን ለማቅጠን የክንፉ ካርትሌጅ ከላይኛው ጠርዙ ይከረከማል፤ ቢያንስ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰቅ ግን መትረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ክንፉ የሚደግፈው ያጣል። ጠባሳው እየጠበቀ ሲሄድ ጠርዙን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ቀዳዳው ከጎን ይታያል፣ አየር ሲሳብ ክንፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጫፉም ግራና ቀኙ ሲቆነጠጥ መሐሉ እንደ ኳስ ጎልቶ ይቀራል። ባለቤቷ የምታየው ኳሱን ነው፤ የጎደለው ግን ከኳሱ ግራና ቀኝ ነው። ኳሱን ልቀንስ ብሎ ዳግም የሚቆርጥ ሰው የቀረውን ጉልቻ ነቀለ ማለት ነው።

ሲኒየሩ ግን ይህን ሁሉ አላወራም። በጣቱ ጫፉን ወደ ታች ተጫነና ለቀቀ፤ ተመልሶ ቆመ። መሐሉ ላይ ያለው ድጋፍ አለ ማለት ነው። ከጫፉ በላይ ያለውን እብጠት ጨመቀ፤ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ሳይቆረጥ የተረፈ ካርትሌጅ ነው ይባላል፤ ለስላሳ ሲሆን ከቆዳው ሥር የተከማቸ ጠባሳና ያልወረደ እብጠት ነው። ሁለቱም ከጎን ሲታዩ የበቀቀን ምንቃር ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። ቀጥሎ በትንሿ የጆሮ ማንኪያ የቀኙን ክንፍ ከውስጥ ትንሽ ደገፍ አደረገና «ሳቢው» አላት። «ኧረ! አየር ገባልኝ» አለች። ማንኪያውን ሲያወጣው ተመልሶ ታፈነ።

መጨረሻ ላይ ሬዚደንቱ ያልሠራውን ሠራ። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት መሐለኛውን ግድግዳ ከአንዱ ቀዳዳ በኩል ገፋ፤ ግድግዳው እንደ ሻሽ ወደ ሌላኛው ቀዳዳ ተነፋ። ከላይና ከፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተወው ድጋፍ አለ፤ ከዚያ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

«ከውስጥ የሚወጣ ነገር የለም፤ ወስደውታል» አለ።

«ታዲያ ከየት ልታመጡ ነው?» አሉ እናትየው።

«ወይ ከጎድን፣ ወይ ከጆሮ።»

ወደ ሲኒየሩ አልዞሩም፤ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አሁን አይደል ጆሮዋ አይነካም ያልኸኝ?»

«እማማ፣ እሱ…»

«እኔ እኮ ስለ ጆሮ አልጠየቅሁኸም።»

ሲስተር ፊቷን በካርድ ሸፈነች። ልጁ አንገቱ ድረስ ቀላ። ለማብራራት ሞከረ፦ ከጆሮ የሚወሰደው ከጎድጓዳው ክፍል ነው፣ ከኋላ ይከፈታል፣ ቆዳው ይቀራል፣ ለቅርጹ ዳር ዳሩ አይነካም። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ችግሩ ልክ የሆነው ነገር የመጣው ስሕተት ከሆነው በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ደግሞ እናትየው የሚያዩት አፉን ሳይሆን የልጃቸውን ጉትቻ ነበር።

«ጎድኑስ?» አሉ በመጨረሻ።

ሲኒየሩ ጎድኑን አብራራ። የ6ኛው ወይም የ7ኛው ጎድን ካርትሌጅ ነው፤ ጠንካራና ብዙ ነው፤ ሲቀረጽ ግን ይጣመማል፣ ስለዚህ ከመሐሉ ይቆረጥና ከመሰፋቱ በፊት ትንሽ ይጠበቃል። ሲወጣ የሳንባው ሽፋን ሊቀደድ ስለሚችል ቁስሉ በውኃ ተሞልቶ ሳንባው ይነፋል፣ አረፋ መውጣት አለመውጣቱ ይታያል።

«ጆሮዋ ይሁን» አሉ እናትየው።

ሲኒየሩ ሁልጊዜ ጎድንን የሚያስቀድመው ለዚህ ነው የሚሉ አሉ። እሱ ለሕክምና ቅደም ተከተል ነው ይላል። እዚህች ልጅ ላይ የመሐሉ ድጋፍ ስላለ መጀመሪያውኑ ጆሮ ይበቃ ነበር፤ ያም ሆኖ ጎድኑ መወራት ነበረበት።

ቀዶ ሕክምናው ግን ያን ቀን አልተያዘም። 8 ወር ገና ነው። ሁለተኛ ቀዶ ቢያንስ 12 ወር ይጠብቃል፤ ቆዳዋ ወፍራም ለሆነች ደግሞ ከዚያም በላይ። ከሁሉም ቦታ ዘግይቶ የሚወርደው እብጠት የጫፉ ነው። እስከዚያ ለስላሳው ጠባሳ ትሪያምሲኖሎን የሚባል እብጠትና ጠባሳ የሚያሟሽሽ ስቴሮይድ ይወጋል። ጠርሙሷ 40 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ 0.25 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ በሳላይን (በጨው ውኃ) 1 ሚሊ ሊትር ሲሞላ 10 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በደንብ ይነቀነቃል። ከዚያም ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ከካርትሌጁ በላይ ከቆዳው በታች፣ በየ6 ሳምንቱ። ቆዳው ውስጥ ከገባ፣ ወይም ሳይበረዝ ከተወጋ ቦታው ይጎደጉዳል፣ በጠይም ፊት ላይ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከሌላ ቦታ እንዲህ ሆና የመጣች ነበረች፤ የወጋት ሰው «ፍጥነት ለሚፈልጉ» ብሏት ኖሯል። ማታ ማታ ደግሞ የወረቀት ፕላስተር ከጫፉ በላይ ጥብቅ ተደርጎ ይለጠፋል።

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ «በመርፌ 15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው ይላሉ» አለች፤ ፊለሩን፣ በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚገባውን መሙያ ማለቷ ነው። እዚህ ላይ ሲኒየሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። መጀመሪያው ቀዶ በመሐሉ ዓምድ በኩል ከተከፈተ በዚያ የሚያልፉት ደም ሥሮች ተቆርጠዋል፤ ጫፉ በሕይወት ያለው ከጎን በሚመጡት ብቻ ነው። ጠባሳ ውስጥ የገባ ፊለር አንዱን ከዘጋ ቆዳው ይሞታል፤ ወደ ኋላ ከሄደ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ማሟሟያው ሃያሉሮኒዴዝ በእጁ የሌለ ሰው መርፌውን አያንሣ። ስለ ሴልፊውም አንድ ነገር ጨመረ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሣ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ግድግዳ አስጠግቶ ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከሁለቱም ሰያፍና ከሥር በካሜራ አስነሣት።

ሦስት ጊዜ ተወግታ፣ ከመጀመሪያው ቀዶ 15 ወር ሲሞላት ገባች። እብጠቱ ወርዷል፤ የቀረው መቆንጠጡ ነው። የስምምነት ፎርሙ ላይ ሲስተር በገዛ እጇ «አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ካስፈለገም ጎድን» ብላ ጽፋለች። በድሮው ጠባሳ ተከፈተ፣ ከግራ ጆሮ ካርትሌጅ ወጣ። ክንፎቹ ላይ ጎባጣው ወደ ውጭ ሆኖ ተደገፈ፤ በጠርዞቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ስስ ቅንጣቢ ገባች። ሁለቱ የጫፉ ቅስቶች በቀጭን ክር (5-0) ተቀራረቡ። ከጫፉ ላይ አንዲት ፍንካች አልተቆረጠችም፤ ግራና ቀኙ ሲሞላ መሐሉ ራሱ ቀጠነ። ጆሮው ደም እንዳያጠራቅም ጥጥ ከፊትና ከኋላ ተሰፍቶበት 7 ቀን ቆየ። ሬዚደንቱ ጆሮውን ራሱ ሰፋው፤ አለቃው አፍንጫውን ከዘጋው ጊዜ ይበልጥ ፈጀበት።

በቀጠሮዋ ቀን ሁላችንም ጫፏን እያየን ነው። እናትየው ዘወር ብለው ሬዚደንቱን ፈለጉ፣ የልጃቸውን ፀጉር ወደ ኋላ ገለጥ አደረጉለት።

«እይ እንግዲህ» አሉት። «ጉትቻው ይገባል።»