ያቺ ነጭ ቁራጭ

ሮለሩ ሥራውን ጨርሶ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት መንገዱ አበጠ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ተስተካክሎ በተደመደመው ወለል ላይ ወደ ጎን የተጋደሙ ጉብታዎች ወጡ፤ ቀጥ ያለ ጣውላ ስናስቀምጥበት ከሥሩ እጅ ያሳልፋል።

የምሠራው የአፈር ምርመራ ላብ ውስጥ ነው። መንገዱ የሚያልፈው ጥቁር አፈር ላይ ነበር። ጥቁር አፈር ላይ የሠራ ሰው ጠባዩን ያውቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የእኛው ውሃ ውስጥ አራት ቀን ከርሞ ሲለካ ሲቢአሩ፣ ማለትም ጭነት የመሸከም አቅሙ፣ 2 በመቶ ብቻ ነበር። የተለመደው መላ ቆፍሮ መጣልና ሌላ አፈር ከሩቅ ማስጫን ነው። እኛ ግን ከፈረሱ ሕንፃዎች የወጣ ሸክላና ኮንክሪት አስፈጭተን፣ ትንሽ ኖራ ጨምረን ከአፈሩ ጋር ለመቀላቀል ወሰንን።

ሐሳቡን ዛሬም እወደዋለሁ። የተፈጨ ሸክላ ዝም ብሎ መሙያ አይደለም። ውስጡ ያለው ሲሊካና አሉሚና ከኖራና ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ሲሚንቶ ይያያዛል፤ የጥንት ሮማውያን የውሃ ማጠራቀሚያቸውን የሚለስኑት በኖራና በሸክላ ዱቄት ነበር። ላብ ውስጥ ቀላቅለን ስንሞክረው ሲቢአሩ ከ20 አለፈ፣ እብጠቱም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ደስ ብሎን አጸደቅነው።

ሥራው ሲፋጠን ፍርስራሹ የሚጫንበት ቦታ ተቀየረ። አንድ ቀን ጠዋት የግሬደሩ ኦፕሬተር፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ አንዲት ነጭ ቁራጭ ይዘው መጡ።

«እስቲ ይቺን እያት ልጄ» ብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጓት። እንደ ጠመኔ ዱቄት ሆና ወረደች። «ኮንክሪት እንዲህ ይፋቃል?»

«ልስን ይሆናል ጋሼ፣ ችግር የለውም» አልኳቸው።

ቁራጯን ክምሩ ላይ መልሰው ጣሏትና ወደ ማሽናቸው ሄዱ። ፈተናውን ያለፈው የመጀመሪያው ክምር ነው። ሁለተኛውን ማንም አልፈተነውም፣ መፈተን የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

መንገዱ ሲያብጥ ፎርማኑ «ኖራ አንሶታል፣ እንጨምርበት» አለ። እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ብቻ ከመጨመራችን በፊት ልየው ብዬ አንዱን ጉብታ አስቆፈርኩና የተቆረጠው ፊት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን፣ ኖራ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ፈሳሽ ጠብ አደረግኩበት። ደማቅ ሮዝ ሆነ። ኖራው አለ ማለት ነው! ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚመስል ነጭ ነገር አየሁ። ያኔ የጋሼ ቁራጭ ትዝ አለችኝ።

ጂብሰም ነበረች። አዲሱ ፍርስራሽ የጂብሰም ግድግዳና ኮርኒስ ያለበት ሕንፃ ነበር። ጂብሰም ካልሲየም ሰልፌት ነው። ኖራ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ12 በላይ ሲያደርሰው ከሸክላ ዱቄቱም ከጥቁር አፈሩም አሉሚና ይሟሟል፤ እሱና ካልሲየሙ ሰልፌትና ብዙ ውሃ ሲያገኙ ኢትሪንጋይት የሚባል መርፌ መሰል ክሪስታል ይሠራሉ። የክሪስታሉ ቀመር 32 የውሃ ሞለኪውል ይይዛል፣ እያደገ ሲሄድም ከላዩ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ጥንካሬ ይሰጠናል ያልነው አሉሚና ራሱ የእብጠቱ መኖ ሆነ ማለት ነው። ኖራ ብንጨምርበት ኖሮ እሳት ላይ ቤንዚን ነበር።

ነገሩ እኛ ጋ የተጀመረ አይደለም። በላስ ቬጋስ ስቱዋርት አቬኑ በኖራ የተጠናከረው አፈር በዚሁ ምክንያት አብጦ መንገዱን አበላሽቶታል፤ በ1988 ጥናት ታትሞበታል። እዚያ ሰልፌቱ ከአፈሩ ነው። እኛ ጋ ግን ንጹሕ አፈር ላይ በገልባጭ አምጥተን የደፋነው እኛው ነን፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያበጠውን ክፍል ቆፍረን አወጣነው። የቴክሳስ የመንገድ መሥሪያ ቤት መመሪያ አፈር ውስጥ ያለ ሰልፌት ከ3000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 3000 እጅ) በታች ሲሆን በተለመደው መንገድ ኖራ መጠቀም ይቻላል ይላል፤ ከዚያ እስከ 8000 ድረስ ኖራና ብዙ ውሃ ቀላቅሎ፣ ክሪስታሉ ሮለር ሳይነካው አስቀድሞ እንዲያድግ ቀናት መጠበቅ፣ ከ8000 በላይ ከሆነ ሌላ መፍትሔ መፈለግ። የእኛ ሲለካ ከ8000 በላይ ወጣ። የአራት ቀኑ ሲቢአርም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ክሪስታሉ ለማደግ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ አሁን ናሙናውን ውሃ ውስጥ ሳምንታት አቆይተን እብጠቱን እንለካለን።

ሳይት ላይ ደግሞ የመስታወት ብልቃጥ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከእያንዳንዱ ቢያጆ ትንሽ ዱቄት ወስጄ በብዙ ውሃ እበጠብጥና አጠለዋለሁ፣ መጀመሪያ የአሲድ ጠብታ፣ ከዚያ ሰልፌት ሲያገኝ የሚነጣ ባሪየም ክሎራይድ እጨምርበታለሁ። አሲዱ መቅደም አለበት፣ አለዚያ ካርቦኔቱም ነጭ ያወጣል። ባሪየም መርዝ ስለሆነ ጓንት አላወልቅም። ስስ ጭጋግ ከሲሚንቶውም ይመጣል፤ እንደ ወተት ከነጣ ግን መኪናው ሳያራግፍ ይቆማል፣ ናሙናው ላብ ገብቶ በቁጥር ይለካል።

በመጀመሪያው ሳምንት አራተኛው መኪና ነጣ። ሹፌሩ ተቆጣ፣ እኔም ቆምኩ። ጋሼ ከግሬደራቸው ወርደው ብልቃጡን ከእጄ ተቀበሉና ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። «ይቺ ናት» አሉ።