ለዳክዬ ማረስ፦ ባሕር ሸሽ መሬት በሚዙሪ

ያደግሁት ፎገራ ነው። ክረምቱ አልፎ የጣና ውሃ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ገበሬው ጭቃው ሳይደርቅ እግር በእግር እየተከተለ ይዘራል፤ መሬቱን ባሕር ሸሽ እንለዋለን። ልጅ ሳለሁ የእኔ ሥራ ማማ ላይ ተቀምጬ በወንጭፍ ወፍ ማባረር ነበር። ዛሬ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት፣ የሕዝብ በሆነ ረግረጋማ የአደን መሬት ላይ ለዳክዬ ምግብ አበቅላለሁ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ «ልጄ፣ እኛ ወፍ ስናባርር አረጀን፤ አንተ ለወፍ ታርሳለህ?» አለችኝ።

መሬቱ በአፈር ግድብ ተከፋፍሎ ብዙ ክትሮች አሉት። እያንዳንዱ ክትር የውሃ በር አለው፤ በሩ ላይ ሳንቃዎች ተደራርበዋል። ሳንቃ ሲነሳ ውሃው ይወርዳል፣ ሲጨመር ይወጣል። ክትሮቹን በመጸው እንሞላለን፣ በጸደይ እናጎድላለን። በአደን ወቅት ሰዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት በዚያ ቀን የተመደበለት ቦታ ይገባል። የግል የአደን ማኅበር መግባት የማይችል የጋራዥ ሠራተኛ ልጁን ይዞ የሚያድነው እዚህ ነው።

ሥራውን የጀመርሁት በበቆሎ ተማምኜ ነው። አረስሁ፣ ዘራሁ፣ ማዳበሪያ ጨመርሁ፤ ፍሬው ሲደርስ በቆሎውን እንደቆመ ውሃ ለቀቅሁበት። ቅዝቃዜው ሲጠና በቆሎ ትልቅ ጉልበት ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ፕሮቲኑና ማዕድኑ ጥቂት ነው። ደግሞ ወንዙ በጸደይ ሲሞላ የዘሩ ጊዜ ያልፋል፤ የተረፈውንም አጋዘን ይቀድምበታል። አንድ አዳኝ የመታውን ዳክዬ ጉሮሮ ከፍቶ ያሳየኝ ቀን ግን ሐሳቤ መለወጥ ጀመረ። አንድም የበቆሎ ፍሬ አልነበረበትም፤ የሞላው ጤፍ የሚያህሉ የሣር ዘሮችና ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እኔ ያልዘራሁትን በልቶ ነው የመጣው።

እነዚያ ዘሮች ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተኝተው ይቆያሉ። የሚቀሰቅሳቸው የውሃው አወራረድ ነው። ይህን አያያዝ ተመራማሪው ሌይ ፍሬድሪክሰንና ባልደረባው ቴይለር እዚሁ ሚዙሪ ውስጥ አጥንተው በ1982 እ.ኤ.አ. በመመሪያ መልክ አውጥተውታል። እኔ ግን መመሪያውን ከማንበቤ በፊት በስህተት ተማርሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ ሥራ ለመጨረስ ቸኩዬ ሳንቃዎቹን በአንድ ቀን አነሳኋቸው። ውሃው በጥቂት ቀን አለቀ፤ ጭቃው ተሰነጣጠቀ። የበቀለው ፍሬው ልብስ ላይ የሚጣበቅ እሾሃማ አረምና የአኻያ ችግኝ ብቻ ነበር። ዳክዬ ሁለቱንም አይፈልግም። አኻያውን ለማጥፋት በዲስክ ማረሻ ሁለት ጊዜ ተመላለስሁበት።

በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ጀመርሁ። አንዱን ሳንቃ አነሳለሁ፤ ጥቂት ቀን እቆያለሁ፤ ሌላውን አነሳለሁ። ክትሩን ባዶ ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ውሃው በሸሸ ቁጥር አዲስ የጭቃ ቀለበት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቀለበት የራሱን ቡቃያ ያወጣል። ቀድሞ በተጋለጠው ላይ ስማርትዊድ የሚሉት ተክል፣ ዘግይቶ በተጋለጠው ላይ የዱር ሚሌት የሚሉት ሣር በቀለ። እንግጫም ነበረበት። ቢጫ አበባ ያለውንና ከአደይ አበባችን ጋር አንድ ወገን የሆነውን ተክል ሳይ ግድቡ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ሦስት ሳምንት ደግሞ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች የውሃውን ጠርዝ እየተከተሉ ትል ሲለቅሙ ነበር። የአባቴ ጎረቤቶች ከሚሸሸው የጣና ውሃ ኋላ የሚሄዱትን አካሄድ ያዩ ይመስሉ ነበር። ባሕር ሸሽ መሬትን እያወቅሁት፣ ሌላ አገር ስለሆነ ብቻ እንደማላውቀው አድርጌ ነበር የያዝሁት።

በመጸው ውሃ ስመልስም መቸኮል ትቻለሁ። አብዛኛው ዳክዬ ጠልቆ አይበላም፤ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ አንገቱ የደረሰበትን ነው የሚለቅመው። ስለዚህ ውሃው አንድ ስንዝር ይበቃዋል። ክትሩን በአንድ ጊዜ ከሞላሁት ምግቡ ከሥር ይቀርበታል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ከጨመርሁ ግን አዲስ ማዕድ ይከፈትለታል።

ሌላው ትምህርቴ ሕጉ ነው። አንድ ክትር ላይ የጃፓን ሚሌት ዘርቼ ነበር፤ በሁለት ወር የሚደርስ ፈጣን እህል ነው። አንድ ደንበኛ አዳኝ፣ ዳክዬው የሚያርፍበት ክፍት ቦታ እንዲኖር መሃሉን እንዳጭድለት ለመነኝ። ትራክተሩን አስነስቼ ስሄድ አለቃዬ እየሮጠ መጥቶ አስቆመኝ። ራሱ የበቀለውን ማጨድ ይፈቀዳል። የተዘራ እህል ቆሞ እያለ ውሃ መልቀቅም ይፈቀዳል። የዘሩትን በዚያው ዓመት አጭዶ ፍሬውን መበተን ግን በፌዴራል ሕግ ማጥመጃ ምግብ እንደ መርጨት ይቆጠራል፤ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ እንኳ አሥር ቀን እስኪሞላ ድረስ እዚያ ማደን ክልክል ነው። ማወቅ ይገባው የነበረ አዳኝም ይቀጣል። እኔ በትራክተር በሠራሁት ጥፋት የጋራዡ ሠራተኛ ልጁ ፊት ይቀጣ እንደነበር ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ።

አዳኞች በጣም የሚቆጡብን፣ አንዱን ሰፊ ክትር ጥይት የማይተኮስበት ማረፊያ ስላደረግነው ነው። «ዳክዬው ሁሉ እዚያ ነው፤ ለምን አትከፍቱልንም?» ይሉኛል። ዳክዬው እዚያ በሰላም የሚያርፍበት ባይኖረው አካባቢውን ጥሎ እንደሚሄድ ቁጣቸው እስኪበርድ ጠብቄ አስረዳለሁ። በዚህ ነገር አልደራደርም።

ገንዘቡ ከብዙ ኪስ ነው የሚመጣው። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውሃ ወፍ አዳኝ ሁሉ በ1934 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር በ25 ዶላር ይገዛል። የሚዙሪ ሕዝብ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ ዶላር ግዢ ላይ አሥራ ሁለት ሳንቲም ተኩል ለተፈጥሮ ጥበቃ እንዲውል ወስኗል። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ጫማ የሚገዛ አበሻም ለዚህ ረግረግ ከፍሏል ማለት ነው።

እኔ አላድንም፤ ዳክዬም አልበላም፤ ያደግሁበት ቤት የማይበላውን መብላት አልለመድሁም። ነገር ግን ባለፈው ኅዳር ጭራው እንደ ወስፌ የሾለውን ዳክዬ በስማርትዊዱ መሃል ሳየው ለእናቴ ደወልሁላት። ይህ ዝርያ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስቶ ጣና ላይም ይከርማል። «ቡናማ ራስ፣ ነጭ አንገት ያለው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። «እርሱንማ አውቀዋለሁ» አለች።

ዘንድሮ በቆሎውን ለበረዶው ሳምንት ብቻ በአንድ ክትር ወስኜዋለሁ። የቀሩት ባሕር ሸሽ ናቸው። ሁለተኛውን ሳንቃ ነገ ጠዋት አነሳለሁ።